ሦስት ተኩል ያሉት እትዬ ሸምሲያ

«አንድ።»

«አንድ ብዬ ልጻፍ?»

«እኔ ብያለሁ። አሁን ተራው ያንተ ነው፤ በል።»

«እኔ ምንም አልልም፣ እትዬ ሸምሲያ። የሚፈለገው የእርስዎ አስተያየት ነው።»

«እሱማ ገብቶኛል። እኔ አንድ እላለሁ፣ አንተ አምስት ትላለህ። እኔ ትንሽ እወጣለሁ፣ አንተ ትንሽ ትወርዳለህ፣ መሀል ላይ እንገናኛለን። የተባለውን ዝም ብሎ የሚቀበል ሰው ምን ይባላል መሰለህ? ዕቃው የተበላሸበት።»

«እሺ፣ አንድ» አልኩና እስክሪብቶዬን ወደ ወረቀቱ ሳስጠጋ እጄን ቀብ አድርገው ያዙኝ።

«ቆይ እንጂ። ሰውን በመጀመሪያ ቃሉ ማሰር ማን አስተማረህ? ሦስት ተኩል አድርገው።»

«ተኩል የለም።»

«ግማሽ የሌለው ሚዛን የት አይተሃል?»

«ሚዛን አይደለም፣ መጠይቅ ነው። ወይ ሦስት ነው ወይ አራት።»

«እንግዲያው መጠይቅህን ይዘህ ሂድ። ግማሽ ሲሠሩለት ትመለሳለህ።»

ከጎናቸው ተቀምጠው ዛላ በርበሬ የሚቀነጥሱት እትዬ አስካለ ቀና ብለው አዩኝና «ሸምስዬ፣ ልጁን አስለቀስሽው እኮ» አሉ።

እውነትም እያለቀስኩ ነበር። በርበሬ በረንዳ ከገባሁ ገና ሩብ ሰዓቴ ነው፤ ዐይኔ ያነባል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ማስነጠሴን መቁጠር ትቻለሁ። ምልክቴን በሦስትና በአራት መካከል ባለው ባዶ ቦታ ላይ አድርጌ ተነሣሁ።

ይህ የሆነው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ባለፈው ሳምንት በዚያ ሳልፍ በእትዬ ሸምሲያ ቦታ ላይ አንድ ሰውዬ የፕላስቲክ ባልዲ ደርድሮ ተቀምጧል። እትዬ አስካለን ብጠይቃቸው «ወራቤ ገባች፤ ባሏ እዚያ ሱቅ ከፈተ» አሉኝ። ከዚያም ጨመሩ፦ «ሚዛኗን እንኳ ይዛ ሄደች፤ ያገሩን ሚዛን አላምንም ብላ።» ሳልሰናበታቸው መሄዳቸው ቅር አለኝ። መጠይቁ ላይ ከእሳቸው ጋር ሳንሞላት የቀረች አንዲት ሳጥን ነበረችን።

በዚያን ጊዜ ሥራ አልነበረኝም ማለት ይከብደኛል፤ ግጥም እጽፍ ነበር። ግጥም መጻፍ ሥራ እንዳልሆነ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ በየቀኑ ትነግረኝ ነበር። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ ያለውን ትምህርቴን የተማርኩት አማኑኤል አካባቢ፣ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ አንድ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆሜ በማንበብ ነው። ባለሱቁ እስኪያባርረኝ ድረስ ሠላሳ ገጽ እጨርስ ነበር። በዚህ ትምህርቴ ማንም እንደማይቀጥረኝ ባውቅም የእጅ ጽሑፌ ያምራልና፣ የሕፃናት ደኅንነት አገልግሎት የሚሰጥ አንድ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ወር መረጃ ሰብሳቢ አደረገኝ።

ሥራው ቀላል ነበር። ልጆቻቸው በጽሕፈት ቤቱ እጅ ያለፉ ወይም ያሉ ወላጆችን እየዞሩ ማነጋገር፣ ምን እንደገጠማቸው፣ ምን እንደተሰማቸው መጠየቅ። ጥያቄው ሃያ ነው። አንዱ በጽሑፍ የሚመለስ ነው፤ ለሌሎቹ ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ ይሰጣል፤ አንድ «ፈጽሞ አልረካሁም»፣ አምስት «እጅግ ረክቻለሁ» ማለት ነው። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ደረጀ ሥልጠና የሰጡን ግማሽ ቀን ነው። «መረጃ ሰብሳቢ ግድግዳ ነው» አሉን። «ሰው ግድግዳ ላይ ይደገፋል፤ ግድግዳ ግን ሰው ላይ አይደገፍም።» ጥሩ አባባል ነው። ችግሩ መርካቶ ውስጥ ግድግዳ ላይ የሚደገፍ ሰው የለም፤ ዕቃ ነው የሚሰቀልበት።

እትዬ ሸምሲያ አጭር፣ ሰፋ ያሉ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው የሚያወርዱ ሴት ነበሩ። የማረቆ ዛላ ይሸጣሉ፣ የተፈጨም ይሸጣሉ። ደንበኛ ሲመጣ ገና ሰላም ሳይባባሉ በሁለት ጣታቸው ቆንጠር ያደርጉና አፍንጫው ሥር ይዘውለት ፊቱን ያያሉ። «ሰው ምላሱን ያዘዋል፤ አፍንጫውን አያዘውም» ይሉ ነበር። ያላስነጠሰ ደንበኛ አያምኑም።

የማይደራደሩበት ነገር አልነበረም። የልጃቸው አስተማሪ ሁለት ሰዓት ላይ ይምጡ ብትላቸው ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይስማማሉ። ጤና ጣቢያ የአሥር ቀን መድኃኒት ሲታዘዝላቸው ሐኪሙን ወደ ሰባት አውርደውታል። ከእኔም ሃያውን ጥያቄ አሥራ አምስት ይበቃል ብለው ጀመሩ፤ አሥራ ዘጠኝ ላይ ተስማማን። አሥራ ሰባተኛውን ዘለልነው፤ «እንደ ወላጅ ሊያሻሽሉት የሚፈልጉት ነገር አለ?» የሚለውን።

ስለ ሰው አካሄድም የሚሉት ነበራቸው። ገዢ በዋጋ ሳይስማማ ሲቀር ጥሎ ይሄዳል፤ ሻጭ «ና እሺ» ብሎ ይጠራዋል። ይህን ሁሉም ያውቃል። እትዬ ሸምሲያ ግን ማንን መጥራት እንዳለባቸውና ማንን መተው እንዳለባቸው ከጀርባው ይለዩ ነበር። «እንድትጠራው የሚፈልግ ሰው ሦስተኛው እርምጃ ላይ ይዘገያል» አሉኝ። «ከልቡ የሚሄድ አይዘገይም።» አብረን ተቀምጠን ቆጠርን። አንድም ጊዜ አልተሳሳቱም።

ልጃቸው ሐያት የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ቤት የሚገኘው ለበዓል ነው። ስለዚህ ሐያት ከትምህርት ቤት ስትወጣ በርበሬ በረንዳ ትመጣለች፤ ከእናቷ ጆንያዎች ኋላ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። አንድ ቀን እናቷ ወፍጮ ቤት ሄደው ሳለ ትዕግሥት የምትባል የጽሕፈት ቤቱ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ በዚያ አለፈች። ትዕግሥት ከሌላ ክፍለ ከተማ የተዛወረች ናት፤ በርበሬ በረንዳን ስታይ የመጀመሪያ ቀኗ ነበር። ዐይኗ ያበጠ፣ የምትስል፣ እንባዋ ደብተሯ ላይ የሚንጠባጠብ አንዲት ልጅ ብቻዋን ተቀምጣ አገኘች።

«ማን መታሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ለምን ታለቅሻለሽ?»

«እዚህ ሁልጊዜ አለቅሳለሁ» አለች ሐያት።

ሐያት ውሸት አልተናገረችም። ትዕግሥትም ክፋት አላሰበችም። እሷንም በርበሬው እንዳስነጠሳት አውቃለች፤ የራሷ እንባ ግን ከሐዘኔታ የመጣ መሰላት። ጽሕፈት ቤት ስትመለስ ዐይኗ ቀልቶ ስላዩ ባልደረቦቿም ጉዳዩ ከባድ ነው አሉ። ልጅቷ ለጥቂት ቀን በሚል ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ወዳለው ማቆያ ገባች። እኔ መጠይቄን ይዤ ስሄድ አሥራ አንደኛ ቀኗ ነበር።

እትዬ ሸምሲያ በርበሬ ነው ብለው መናገራቸው አልቀረም። «በመጣራት ላይ ነው» ተባሉ። የሚጣራው በወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ደግሞ በርበሬ የሚል ቃል የለም። ቅጹ «የእናት ሥራ» ሲል የተሞላው «ንግድ» ተብሎ ነው።

ወደ መጠይቄ ልመለስ። ከእትዬ ሸምሲያ ተነሥቼ በዚያው በረንዳ ልጆቻቸው በጽሕፈት ቤቱ በኩል ያለፉ ሌሎች ስድስት ወላጆችን አነጋገርኩ። ሁሉም መጀመሪያ የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ነው።

«ሸምሲያ ስንት አለች?»

«ምስጢር ነው፤ አልናገርም።»

«ሦስት ተኩል እንዳለች ሰምተናል። እኔንም እንደዚያው አድርገኝ።»

«የእርስዎ ጉዳይ እኮ ሌላ ነው። ልጅዎ ጠፍቶ ያገኙልዎት እነሱ ናቸው።»

«ቢሆንስ? ጎረቤቴ ያወጣችውን ዋጋ እሰብራለሁ? ነገ ፊቷን በምን አያለሁ?»

አቶ ደረጀ ሰባቱን ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ረጅም ጊዜ አዩ።

«ሁሉም ሦስት ተኩል?»

«የዕለቱ ዋጋ ነው» አልኩ።

«ተኩል የለም እኮ።»

«ነግሬያቸው ነበር።»

«ግድግዳ ሁን አልኩህ፤ አንተ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሆነህ መጣህ» ብለው ስልክ ሊያነሱ ወጡ። የሐያት ፋይል ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ማንበብ አልነበረብኝም። እኔ ግን የስኳር መጠቅለያ ወረቀት ሳይቀር የማነብ ሰው ነኝ። ሦስት አረፍተ ነገር ነው። ልጅቷ ማቆያ ከገባች ወዲህ ማልቀስ አቁማለች፤ ዐይኗ ጠርቷል። እናቷ ሁለት ጊዜ ጎብኝተዋታል፤ ሁለቱንም ጊዜ እናቷን እንዳቀፈች አልቅሳለች። ስለዚህ ከከተማ ውጭ ባለ ተቋም ለስድስት ወር እንድትቆይ ሐሙስ የሚሰበሰበው ኮሚቴ እንዲወስን ሐሳብ ቀርቧል። ከሥሩ ያለው የመጀመሪያው ቀን ወረቀት ጥግ ላይ ቀለሙ በአንዲት ጠብታ ተበላሽቷል።

ወረቀቶቼን ሰብስቤ በሩጫ በርበሬ በረንዳ ደረስኩ። እትዬ ሸምሲያ ወንፊት ይዘው ይነፋሉ። ያነበብኩትን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ሳቁ፤ «እኔን ስታቅፍ አለቀሰች? ከዚህ በቀጥታ ሄጄ ነዋ፤ ልብሴ የበርበሬ ጆንያ አይደል እንዴ?» አሉ። ስድስት ወር የሚለው ላይ ስደርስ ወንፊቱ ቆመ።

«እንግዲህ ሐሙስ ታጥበው፣ ንጹሕ ልብስ ለብሰው ይሂዱ» አልኳቸው።

«ታጥቤ ብሄድ ምን ያያሉ? ንጹሕ ሴት ያያሉ። ንጹሕ ሴት ልጇን ትመታለች ብለው ይጽፋሉ።»

ወንፊቱን አንዴ ነቀነቁና ደግሞ አቆሙት።

«ዐይኗ ጠራ ነው ያልከኝ?»

«እንደዚያ ይላል።»

«ነጩ?»

«ጠርቷል ነው የሚለው፣ እትዬ።»

ወንፊቱን መሬት ላይ አስቀመጡት። «ጠዋት ስትነሣም ቀይ ነው እኮ» አሉ። «ከአባቷ የወረሰችው ነበር የሚመስለኝ።»

እትዬ አስካለ መቀንጠሳቸውን አቆሙ። እትዬ ሸምሲያ ሻሻቸውን ትንሽ ወደ ላይ ገፍተው ወረቀቴን አመለከቱ።

«ያን የዘለልነውን አውጣና ጻፍ። አማኑኤል ጋ ልብስ የምትሰፋ እህት አለችኝ። ሐያት ከእንግዲህ ከትምህርት ቤት ወጥታ እሷ ዘንድ ትውላለች። እዚህ አትመጣም።»

«ሳይደራደሩ?»

«በዚህ አልደራደርም» አሉ።

ጻፍኩ። ከሃያ ጥያቄ ውስጥ ማንም ሳያስገድዳቸው የመለሱት እሱን ብቻ ነው።

የጽሕፈት ቤቱ የስብሰባ ክፍል ወደ ጎጃም በረንዳ በሚያይ ፎቅ ላይ ነው። የጋሪ ገፊዎች ጩኸት ስለሚያስቸግር መስኮቱ ሁልጊዜ ይዘጋል። ሐሙስ ዕለት የኮሚቴው አባላት ተቀምጠው፣ እኔም የወላጆችን አስተያየት እንዳቀርብ ተጠርቼ ጥግ ይዤ ሳለ፣ እትዬ ሸምሲያ ገቡ። አልታጠቡም። እንዲያውም ጠዋት ሲነፉ ውለው በቀጥታ የመጡ ይመስላሉ። ሻሻቸው ቀይ፣ ክንዳቸው ቀይ፣ ጫማቸው ቀይ። በእጃቸው አንድ የታሰረ ፌስታል ይዘዋል። ከኋላቸው እትዬ አስካለና ሌሎች ሁለት የበረንዳው ሴቶች በዚያው መልክ ተከትለዋል።

«ምስክሮቼ ናቸው» አሉ።

አቶ ደረጀ ራሳቸው ተነሥተው በሩን ዘጉ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ የሰው ጉዳይ ኮሪደር ላይ እንዲሰማ አይፈልጉም።

ትዕግሥት ፋይሉን ማንበብ ጀመረች። ሁለተኛው አረፍተ ነገር ላይ ጉሮሮዋን ጠረገች። ከኮሚቴው አንደኛው አስነጠሰ፤ ይቅርታ ጠየቀ፤ ደግሞ አስነጠሰ። እትዬ ሸምሲያ ሙቀቱን ሰበብ አድርገው ሻሻቸውን ፈቱና ሁለት ጊዜ አራገፉት። እትዬ አስካለም ጉልበታቸውን መታ መታ አደረጉ። ትዕግሥት «ልጅቷ እናቷን እንዳቀፈች» የሚለው ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ጠፋ። የኮሚቴው ሰዎች መሐረብ እየፈለጉ ኪሳቸውን ይዳብሳሉ። አቶ ደረጀ መነጽራቸውን አውልቀው ዐይናቸውን ጠረጉ፤ በጠረጉት ቁጥር ባሰባቸው። እንባቸው በጉንጫቸው ላይ ወርዶ አገጫቸው ላይ ተንጠለጠለ።

እትዬ ሸምሲያ ጎንበስ ብለው በጥሞና አዩዋቸው።

«ጋሼ ደረጀ፣ ማን መታዎት?»

«ማንም አልመታኝም።»

«ታዲያ ለምን ያለቅሳሉ?»

አቶ ደረጀ አስነጠሱ። እትዬ ሸምሲያ ወደ እኔ ዞሩ። «ጻፍ» አሉኝ። «ኃላፊው እኔን ሲያዩ ያለቅሳሉ። ለስድስት ወር ከከተማ ውጭ ይቆዩ።»

ቀድማ የገባት ትዕግሥት ናት። ፋይሉን ወደ ዐይኗ አስጠግታ ቀለሙ የተበላሸበትን ጥግ አየች። «እኔም መጀመሪያ ሳገኛት አልቅሼ ነበር» አለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ያሳዘነችኝ መስሎኝ ነበር።» ከኮሚቴው አንዱ ሳቁን ሊይዝ ሲል አስነጠሰው።

አቶ ደረጀ መስኮቱን በሁለት እጃቸው ከፈቱት። የጋሪ ገፊው ጩኸት፣ የመኪናው ጥሩምባ፣ ሁሉም አብሮ ገባ። ትንሽ ተንፍሰው «ልጅቷ ትምጣ» አሉ።

እትዬ ሸምሲያ ፌስታላቸውን አንሥተው ወጡ። ግቢው ውስጥ ካለው ቧንቧ ውሃ ሲፈስ ሰማን፤ ረጅም ጊዜ ፈሰሰ። ሲመለሱ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ፀጉራቸው እርጥብ ነው፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታሉ። ወዲያው ሐያት ገባችና ሮጣ አቀፈቻቸው። በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ የልጅቷን ዐይን ያያል። ነጭ ነው። አላለቀሰችም። አፍንጫዋን እናቷ አንገት ሥር አድርጋ አሸተተችና ቀና አለች።

«እማ፣ ምን ሆንሽ? ሌላ ሰው ሸተትሽኝ» አለች።

ያን ቀን በዚያ ክፍል በርበሬ ሳይነካው ያለቀሰ ሰው እትዬ ሸምሲያ ብቻ ናቸው። ፊቷን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዐይኗን ብቻ እያዩ።

ውሳኔው ተጻፈ። ሐያት ወደ ቤቷ ትመለሳለች፣ ከትምህርት በኋላ አክስቷ ዘንድ ትውላለች፣ በወሩ ትዕግሥት ቤታቸው መጥታ ታያታለች። እትዬ ሸምሲያ «በሦስት ወር» አሉ፤ በስድስት ሳምንት ተስማሙ። ከዚያ ወደ ትዕግሥት ጎንበስ ብለው «ዐይኗን ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ፤ አላህ ይስጥሽ» አሏት። ይህን የት እንደምጽፈው ለማየት ወረቀቴን ገለበጥኩ፤ ለዚህ የሚሆን ሳጥን አልነበረም።

ሁሉም ሊነሣ ሲል አቶ ደረጀ ቀለል ብሏቸው የእኔን ወረቀት ሳቡ።

«ይቺን እንጨርሳት። ሃያኛ ጥያቄ፦ በአጠቃላይ በአገልግሎቱ ምን ያህል ረክተዋል? እዚህ መሀል ላይ የቀረ ምልክት አለ። መቼም አሁን አራት ይሆናል፣ እትዬ ሸምሲያ።»

«አንድ» አሉ እትዬ ሸምሲያ።

«ያኔ ሦስት ተኩል ብለው ነበር እኮ» አልኩ እኔ፣ ግድግዳነቴን ረስቼ።

«ያኔ ልጄ በእጃችሁ ነበረች።»

እስከዚያ ቀን ከሰበሰብኳቸው ወረቀቶች ውስጥ ስንት አራትና ስንት አምስት እንዳለ አሰብኩ። አቶ ደረጀም ያንኑ ያሰቡ ይመስለኛል፤ እስክሪብቶውን አስቀምጠው መልሰው አነሱት።

«ልጅቷን እኮ መለስንልዎት። ቢያንስ ሦስት።»

«የራሴን ልጅ ነው የመለሳችሁልኝ። አንድ።»

ፌስታላቸውን አነሱ፣ የሐያትን እጅ ያዙ፣ ወደ በሩ ዞሩ።

«እሺ፣ ሦስት ተኩል» አሉ አቶ ደረጀ ከኋላቸው።

እርምጃቸውን ቆጠርኩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ አልዘገዩም። ወጡና በሩ ተዘጋ።